ዶሮ እያረቡ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለመኖር፦ ቢሾፍቱ፣ ሱሉልታ ወይስ ሆለታ?

ጥያቄ፣ ከጀሞ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን እንዲሁም ጡረታ የወጡት እናቴ ነን። የኪራይ ውላችን በሰኔ ወር ስለሚያበቃ ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን ግቢ ያለው ቤት ለመያዝና በግቢው ውስጥ ሁለት መቶ ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ለማርባት ተስማምተናል። እናቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሐበሻ ዶሮ ያረቡ ናቸው፤ ቀን ቀን ቤት የሚውሉትም እሳቸው ናቸው። እኔ በሳምንት አምስት ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት እመላለሳለሁ። የባለቤቴ ሥራ ግን ወደ ክፍለ ሀገር የሚያመላልስ በመሆኑ ለዶሮዎቹ እንክብካቤ እሱን አንቆጥርም።

ለጊዜው ቢሾፍቱን፣ ሱሉልታንና ሆለታን ለይተናል። ቢሾፍቱ ሞቃት ነው፤ የዶሮ ሥራም የተለመደበት ከተማ ነው። ሱሉልታ ቅርብ ከመሆኑም በላይ ዘመዶች አሉን። ሆለታ ደግሞ ጸጥ ያለና የቤት ኪራዩም ቀለል ያለ ነው ይሉናል። የምጠይቀው ለዶሮ የሚስማማው አየር የትኛው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የየዕለቱ ምልልስ፣ ውኃው፣ መኖውና ገበያው አንድ ላይ ሲታሰቡ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ የሚሻለው የቱ እንደሆነ ነው። በተጨማሪም ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሰው 250 ካሬ ሜትር ቦታ ከነቤቱ ሊሸጥልን ይፈልጋል፤ ሰነዱ «በሂደት ላይ ነው» ይላል፤ ዋጋው ያጓጓል። በዚህ ላይ አስተያየት ያላችሁ ብታካፍሉን ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፣ ከቢሾፍቱ ነዋሪ

እኅቴ፣ እኔ የምኖረው ቢሾፍቱ ስለሆነ ወደዚያ ማዘንበሌ አይቀርም፤ ይህን ይዘው ያንብቡልኝ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንቁላል ጣይ ዶሮ በደንብ የምትጥለው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ የቤቱ አየር በሚገባ ከተንቀሳቀሰ እዚህ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ተጨማሪ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያስፈልግዎትም። ከአየሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሁሉም ነገር በእጅ መሆኑ ነው። ጫጩት አስፈልፋዮች፣ የመኖ ማቀነባበሪያዎችና የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በቅርብ አሉ፤ የዶሮ ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም በዚሁ ከተማ ይገኛሉ። ዶሮ ታማ ሐኪም ለማግኘት ሌላ ከተማ መሄድ የለም።

መኖውን አስቀድመው ያስሉት፤ ከዶሮ እርባታ ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነውና። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለች እንቁላል ጣይ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ ለ200 ዶሮ በቀን 23 ኪሎ ግራም፣ በወር ወደ ሰባት ኩንታል መሆኑ ነው። ይህን ያህል መኖ በየወሩ ራቅ ወዳለ ከተማ ለማጓጓዝ የሚከፈለው ገንዘብ ወር በመጣ ቁጥር የሚደጋገም ነው፤ ሰው ቤት ሲመርጥ ግን ኪራዩን እንጂ ይህንን ሲያሰላ አላይም። መኖውን ራሴ አዘጋጃለሁ ካሉ በቆሎው፣ ፉርሽካው፣ የኑግ ፋጉሎውና አኩሪ አተሩ በየሰፈሩ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም የካልሲየሙና የቫይታሚኑ መጠን ከተዛባ የእንቁላሉ ቅርፊት መሳሳት ስለሚጀምር፣ ለመጀመሪያው ዓመት የተዘጋጀውን መኖ እንዲገዙ እመክራለሁ።

ጉድለቱን ልንገርዎት። አንደኛው ውኃ ነው፤ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሁለት መቶ ዶሮ በመደበኛው ጊዜ በቀን 50 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። ከዚህ ላይ የአምስት ሰው ፍጆታ ሲጨመርበት ቢያንስ የሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ የሌለው ግቢ አይያዙ። ሁለተኛው መንገዱ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን ጉዞ በጣም አቅልሎታል፤ ጭንቁ ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲና በሳሪስ አድርጎ ሜክሲኮ መድረስ ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠዋት የሚያሳልፉት ጊዜ የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። ሦስተኛ፣ ከተማው የአምራቾች ከተማ በመሆኑ የእንቁላል ዋጋ እዚህ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። እርስዎ ግን በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤት ስለሚሄዱ የተወሰነውን ለባልደረቦችዎ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ይህ ብዙዎቻችን የሌለን ዕድል ነው።

መልስ፣ ከሱሉልታ ነዋሪ

ከቢሾፍቱው ወንድማችን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ብርድን በሚመለከት ግን ሱሉልታ ያለ አግባብ የሚፈራ ይመስለኛል። ከተማችን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ይህ ብርድ የሚጎዳው በዋናነት ጫጩትን ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ሙቀት በከሰል ለመጠበቅ መሞከር አድካሚ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ለጫጩቱም ለሚጠብቀው ሰውም ሕይወት አስጊ ነው። እናትዎ ሌሊት እየተነሡ ከሰል እንዲያቀጣጥሉ አይፈልጉ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የሚኖር ሰው ጫጩት ሳይሆን ክትባቷን የጨረሰች የአራት ወር ቄብ ገዝቶ ቢጀምር ይሻለዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል።

የደረሰች ዶሮ ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማይመታው ማደሪያ ካገኘች ብርዱን ትችለዋለች። ግድግዳውን ከታች ወገብ ድረስ ዘግቶ ከላይ ወንፊት ሽቦ ማድረግና ማታ ማታ የሚወርድ ሸራ መስቀል ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግን የኩሱን ሽታ ውስጥ አፍኖ ዶሮዎቹን ለሳል ይዳርጋል። በብርዱ ወራት ሙቀቷን ለመጠበቅ ስትል ከወትሮው የበለጠ እንደምትበላ ግን መካድ አይቻልም፤ ከላይ በተነገረው ሰባት ኩንታል ላይ የተወሰነ ይጨምሩበት። የሥጋ ዶሮ የማርባት ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ይህን ከፍታ አልመክርም፤ በፍጥነት የሚያድጉት ዝርያዎች አየሩ በሳሳበት ቦታ ልባቸው እየደከመ ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል።

እኔ ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ስለሆነ፣ በበጋ አይታችሁት የወደዳችሁት ግቢ በክረምት የዶሮ ቤቱ ወለል ሊረጥብ ይችላል። የረጠበ ጉዝጓዝ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ይጋብዛል። ውላችሁ በሰኔ የሚያበቃ መሆኑ በዚህ ረገድ ጥሩ ነው፤ ቤት የምትፈልጉት ዝናቡ ጀምሮ ሳለ ስለሚሆን ውኃው የት እንደሚተኛ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ተዳፋት ላይ ያለውን ምረጡ።

ምልልሱን በተመለከተ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን መዳረሻዎ ሜክሲኮ ስለሆነ ከአዲሱ ገበያ በፒያሳ ወርዶ መሻገሩን አብረው ያስቡት። በእንቁላል በኩል ግን የአዲሱ ገበያና የፒያሳ ሱቆችና ኬክ ቤቶች ከዚህ የሚመጣውን በደስታ ይቀበላሉ። ሸለምጥማጥም እዚህ አለ፤ አንድ ሌሊት ቀዳዳ ካገኘ ስንቱን አንቆ እንደሚያድር እናትዎ ሳይነግሩዎት አይቀሩም።

መልስ፣ ከእንስሳት ሐኪም

ሁለቱም አስተያየቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቦታ ሲመረጥ ከሙቀቱና ከመንገዱ በፊት መታየት ያለበትን አላነሡትም፦ በአካባቢው ስንት ዶሮ አለ? ቢሾፍቱን ለሥራው ምቹ የሚያደርገው የእርባታዎች ብዛት ለበሽታም ያንኑ ያህል ምቹ ያደርገዋል። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን በተከሰተው የዶሮ በሽታ ወቅት የዶሮ ዝውውር ሲገደብ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹም አርቢዎች አብረው ነው የተጎዱት። ስለዚህ ቢሾፍቱን ከመረጡ ከትልልቅ እርባታዎችና የዶሮ ተሽከርካሪ ከሚመላለስበት መንገድ የራቀ ሰፈር ይፈልጉ፤ ከጎረቤት አጥር ሥር ሌላ የዶሮ ቤት ካለ ግቢው ምንም ቢያምር ይለፉት።

ዋናው ጠላት ፈንግል ነው። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ሊጨርስ ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም። ክትባቱ ግን ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአያያዙ ነው። ከመድኃኒት ቤት እስከ ቤት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ክሎሪን የሌለው ውኃ ያስፈልጋል፤ የቧንቧ ውኃ ብቻ ካለ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት አልባ የወተት ዱቄት መበጥበጥ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ዶሮዎቹን በጠዋት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ከልክሎ ከዚያ ክትባቱን ማቅረብና በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ ነው። ይህን ሥራ እናትዎ ብቻቸውን ሊሠሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ክትባቱን በበረዶ ሣጥን የሚያመጣላቸው ሰው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ እንደገና ወደ ቦታ ምርጫው ይመልሰናል። ከሦስቱ ከተሞች ቢሾፍቱ በዚህ አንድ ነጥብ ይበልጣል።

ጎረቤትንም አይርሱ። ሁለት መቶ ዶሮ በቀን 20 ኪሎ ግራም ያህል ትኩስ ኩስ ይጥላል፤ የሚወስድላችሁ የአትክልት አምራች ወይም የምትከምሩበት ራቅ ያለ ጥግ ከሌለ በዝንቡና በመጥፎ ሽታው ምክንያት አቤቱታ መምጣቱ አይቀርም። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ብለን ብናስብ የዶሮ ቤቱ ራሱ 40 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። 250 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ መኖሪያ ቤት፣ መጸዳጃ፣ የመኖ ማስቀመጫና የዶሮ ቤት ሲገቡ ከሰው መኝታ መስኮት የሚኖረው ርቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ለእኔ ጠባብ ነው።

መልስ፣ በመሬት ጉዳይ ላይ ከሚሠሩ የሕግ ባለሙያ

እኔ የምመልሰው የሱሉልታውን ሽያጭ ብቻ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ አንድ ሰው ሊያስተላልፍልዎት የሚችለው በላዩ ያፈራውን ንብረት፣ ማለትም ቤቱን፣ በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራ ከሆነ ነው። «ሰነዱ በሂደት ላይ ነው» የሚባለው አብዛኛው ቦታ ከገበሬ በግል ውል የተወሰደ የእርሻ መሬት ወይም በተለምዶ ጨረቃ ቤት የምንለው ነው። ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. በተደራጀው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት ሲፈርስ ዶሮውን አንሥቶ መሄድ እንኳ ቀላል አይደለም፤ ለዛሬ ማታ 200 ዶሮ የሚያሳድርልዎት ሰው የለም።

ስለዚህ ካርታውን በእጅዎ ሳይይዙና በሚመለከተው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳያረጋግጡ ቀብድ እንኳ አይክፈሉ። ካርታ ያለው ቤትም ቢሆን ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በከተማው ፕላንም ለመንገድ ወይም ለሌላ ልማት እንዳልተያዘ ይጠይቁ። ይህ ለቢሾፍቱም ይሠራል፤ አቡሴራ አካባቢ ካለው ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ፕሮጀክት ጋር ተያይዞ በዚያ ዙሪያ ቦታ የሚያሻሽጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን በመጀመሪያ እከራያለሁ። እንቁላል ጣይ መንጋ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስኪወገድ ድረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ስለሚቆይ የኪራይ ውሉ ከዚያ ማጠር የለበትም። በውሉ ላይ ዶሮ ማርባት መፈቀዱ፣ የዶሮ ቤቱን ማን እንደሚሠራውና ሲወጡ የቆርቆሮውና የሽቦው ባለቤት ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የቃል ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ ያከራየው ሰው ፈቅዶ ወራሹ ወይም ወንድሙ ሲከለክል አይቻለሁ።

መልስ፣ በሆለታ ከሚሠሩ ግለሰብ

ስለ ሆለታ ማንም ስላላነሣ ባጭሩ ልጨምር። ከተማው በአምቦ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ሲሆን ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ከሱሉልታ የተሻለ ሙቀት አለው። የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት፣ ይበልጥ ግን በወተት ላሞቹ የሚታወቅ ከተማ ነው፤ የትልልቅ ዶሮ እርባታ ብዛት እንደ ቢሾፍቱ ስላልሆነ የሐኪሙ ሥጋት እዚህ ይቀንሳል። ነገር ግን መኖውና ቄቡ ከሌላ ቦታ ተጭነው የሚመጡ በመሆናቸው ባለቤትዎ በማይኖሩበት ሳምንት ሁሉንም ብቻዎን ማቀናጀት ይጠበቅብዎታል። በግሌ፣ በየቀኑ ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሰው ሆለታን አልመክርም።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሱሉልታውን ግዢ ትተነዋል። በቢሾፍቱ ከመሃል ከተማው ወጣ ያለ፣ ሮቶ ያለው ግቢ ለሁለት ዓመት ለመከራየት እየተነጋገርን ነው፤ ጎረቤቱ አትክልት የሚያለማ ስለሆነ ኩሱንም እወስዳለሁ ብሏል። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። እናቴ አምስት ስድስት የሐበሻ ዶሮዎች አብረው ካልገቡ አይሆንም ይላሉ፤ ይቻላል? ቄቡንስ በየትኛው ወር ብናስገባ ይሻላል?

መልስ፣ ከእንስሳት ሐኪም

ለእናትዎ አክብሮቴን ያቅርቡልኝ፤ ሆኖም በአንድ ግቢ ውስጥ ባይሆን እመርጣለሁ። የሐበሻ ዶሮ ከአጥር ውጭ ስትጭር ውላ ስትገባ እሷን ሳያማት ፈንግል ወይም ቅማል ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ከገበያ የተገዛች አውራ ዶሮ ደግሞ ከሁሉም የባሰች የበሽታ መንገድ ናት። እናትዎ ካልተቀበሉ ግን የሐበሻዎቹም አብረው ይከተቡ፣ በሌላው የግቢው ጫፍ በአጥር ተከልለው ይኑሩ፣ እንክብካቤውም ከዋናው መንጋ ይጀምርና በእነሱ ያብቃ፤ ጫማም ይቀየር። ለሻጭ የሄደ የእንቁላል ትሪም ተመልሶ ወደ ዶሮ ቤት አይግባ።

መልስ፣ ከቢሾፍቱ ነዋሪ

ወሩን እኔ ልመልስ። በሰኔ ገብታችሁ በክረምቱ የዶሮ ቤቱን ሥሩ፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ዝናቡ ራሱ ያሳያችኋል። የአራት ወር ቄቦችን በጥቅምት አጋማሽ ብታስገቡ በኅዳር አጋማሽ መጣል ይጀምሩና ከገና በኋላ ሙሉ ምርት ላይ ይደርሳሉ። ያኔ ከ200 ዶሮ በቀን ስድስት ትሪ ያህል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ወቅቱም የነቢያት ጾም አልፎ ሁዳዴ ያልገባበት፣ እንቁላል በደንብ የሚሸጥበት ነው። ለ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ግን ከአሁኑ የማይጾሙ ደንበኞችን፣ እንዲሁም ሐይቆቹ ዙሪያ ያሉትን ሆቴሎች ማነጋገር ጀምሩ። መብራትም አስቡበት፤ ቀናችን 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ምርት ለማግኘት እስከ 16 ሰዓት የሚያደርሰው ብርሃን በአምፖል ይሟላል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ያዙ። ቄቡን የሚያዙት ግን አሁን ነው፤ ለጥቅምት የሚደርሱት ጫጩቶች በሰኔ ይፈለፈላሉ፤ ደኅና አሳዳጊዎችም ወረፋ አላቸው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠ የሚያሳየውን መዝገብ ይጠይቁ፤ የማያሳይዎት ከሆነ ወደ ሌላው ይሂዱ።